በጽሑፍ ያለም ይረሳል፦ የናሳ የማስታወስ ታሪክ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ግን ጽፎም የረሳ መሥሪያ ቤት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውን ጨረቃ ያደረሰው ሳተርን 5 ሮኬት ከ1967 እስከ 1973 ድረስ 13 ጊዜ ተወንጭፏል። ከሥሩ ኤፍ-1 የሚባሉ 5 ግዙፍ ሞተሮች ነበሩት። «የሮኬቱ ንድፍ ጠፍቷል» የሚል ወሬ እስካሁን ይናፈሳል። ውሸት ነው፤ ንድፉ በማይክሮፊልም ተቀምጧል። የጠፋው ሌላ ነው። ያኔ ብየዳው በአብዛኛው የእጅ ሥራ ነበር። አንዱ ቁራጭ አልገጥም ሲል ባለሙያው እዚያው አስተካክሎ ያልፋል፤ ማስተካከያው ግን ሁልጊዜ ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ሰዎቹ ጡረታ ሲወጡ ብልሃቱም አብሯቸው ሄደ። ከአርባ ዓመት በኋላ በአላባማዋ ሃንትስቪል ያሉ ወጣት መሐንዲሶች ሞተሩን ለመረዳት ንድፉ ብቻ አልበቃቸውም። ከመጋዘን አንዱን አውጥተው ፈታቱት፣ ስካን አደረጉት። በ2013 መጀመሪያ ላይ የጋዝ ማመንጫ ክፍሉን አቀጣጥለው ሞከሩት።

አንዳንዱ ደግሞ እንዲሁ በዋዛ ይጠፋል። አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ ወደ ምድር የላከው መረጃ (ቴሌሜትሪ) የተቀዳባቸው ዋናዎቹ ቴፖች፣ የቴፕ እጥረት ስለነበር ተደምስሰው ሌላ ነገር ሳይቀዳባቸው አልቀረም። ፍለጋው በ2009 እዚህ መደምደሚያ ላይ ደርሶ ቆመ።

በጣም ውድ ዋጋ ያስከፈለው ግን የማስጠንቀቂያ መረሳት ነው። በ1986 ቻሌንጀር መንኮራኩር ከ7 ሰዎች ጋር ጠፋች። ሰበቡ በብርድ የደረቀ የጎማ ማሸጊያ ቀለበት ነበር። ቀለበቱ በቀደሙት በረራዎች ተበልቶ ታይቷል፤ መሐንዲሶችም በዋዜማው «አትብረር» ብለው ነበር። በ2003 ኮሎምቢያ የተባለችው መንኮራኩርም 7 ሰዎች ይዛ ጠፋች። የነዳጅ ታንኩ መሸፈኛ ፎም ተገንጥሎ ክንፏን መትቷት ነበር። ፎም ደግሞ ከዚያ በፊትም ሲረግፍ ኖሯል። በሁለቱም ጊዜ «እስካሁን ምንም አልሆነም» የሚለው አመል አሸነፈ። የሁለቱም አጣሪ ቡድኖች አባል የነበረችው ጠፈርተኛዋ ሳሊ ራይድ ብቻ ናት፤ የቻሌንጀርን ማሚቶ በኮሎምቢያ ውስጥ እንደሰማችም ተናግራለች።

ናሳ «የተገኙ ትምህርቶች» የሚመዘገቡበት የመረጃ ቋት አለው። በ2012 የራሱ ዋና ኢንስፔክተር ሲፈትሸው የፕሮጀክት ኃላፊዎች ብዙም እንደማይከፍቱት አገኘ። ምን ይደረግ፣ ሥራ የበዛበት ሰው ቋት ውስጥ ገብቶ ትምህርት ሲፈልግ አይውልም።

ለኔ የተሻለው ዘዴ ስብርባሪው ነው። የቻሌንጀር ቅሪት አገልግሎት ባቆሙ ሁለት የሚሳኤል ጉድጓዶች ውስጥ ተቀበረ። የኮሎምቢያ ግን ፍሎሪዳ በሚገኘው የኬኔዲ ማዕከል ክፍል ተሰጥቶት ተቀምጧል። የናሳ ሠራተኞች እየመጡ ያዩታል። ተመራማሪ ደግሞ እንደ መጽሐፍ ቁራጩን ተውሶ መሄድ ይችላል።