ከብሌክኒ እስከ ክላይ፦ በጨዋማ ረግረግ ዙሪያ የሶምሶማ መንገድ

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ ሰሜናዊ ጠረፍ ላይ ብሌክኒና ክላይ የሚባሉ ሁለት ጎረቤት መንደሮች አሉ። በአስፋልቱ መንገድ ቅርብ ናቸው። ሯጮች ግን ወደ ባሕሩ ዞሮ የሚመለሰውን የአፈር ክትር ይመርጣሉ። ከብሌክኒ ወደብ ተነስቶ በክትሩ ላይ ክላይ ደርሶ፣ በዊቭተን መንደር በኩል ወደ ብሌክኒ የሚመልሰው ዙሪያ ከ8 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ነው። የክትሩ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1986 የተከፈተው የኖርፎክ የጠረፍ መንገድ አካል ስለሆነ፣ የመንገዱን ምልክት፣ የባሉጥ ፍሬ ሥዕሉን፣ የተከተለ አይጠፋም።

ሜዳ ነውና ቀላል ይመስላል። ዳገት የለመደ ሯጭ ንቆት ይጀምርና ግማሹ ላይ ይደክመዋል፤ እዚህ የሚያደክመው ነፋሱ ነው። በክትሩ ላይ ዛፍም ቤትም የለም። ስለዚህ የሩጫው አቅጣጫ ከሰዓቱ በላይ ያሳስባል። የአካባቢው ነፋስ የሚበዛው ከደቡብ ምዕራብ ነው። ከብሌክኒ ተነስቶ በመጀመሪያ ወደ ሰሜን፣ ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ በግሌቨን ወንዝ አጠገብ ወደ ደቡብ የሚሮጥ ሰው ነፋሱን በአብዛኛው ከኋላ ወይም ከጎን ያገኘዋል። ወደ ምዕራብ ሲመለስ ነፋሱ ከፊት ቢመጣም ቁጥቋጦ አጥሩና ቤቶቹ ይከልሉታል። የሰሜን ነፋስም ቢሆን በዚህ አቅጣጫ ይሻላል፤ ፊት የሚገርፈው ገና ጉልበት ሳያልቅ ነውና። ዙሪያውን መገልበጥ የሚያዋጣው በምሥራቅ ነፋስ ቀን ብቻ ነው።

ከወደቡ ወጥተው ክትሩ ላይ ሲሆኑ ግራና ቀኙ ሁለት የተለያየ አገር ነው። በስተግራ ባሕር የሚገባበት ጨዋማ ረግረግ አለ፦ ጭቃ፣ የተጠማዘዙ ቦዮች፣ ጨው የሚችሉ ዝቅተኛ ተክሎች። በስተቀኝ ክትሩ ከባሕር የከለለው፣ ጨው የሌለበት የጣፋጭ ውኃ ግጦሽ አለ፤ ከብቶች ይግጡበታል፣ ቦዮቹን ሸምበቆ ከቧቸዋል። በጁላይ የባሕር ላቬንደር ሲያብብ የግራው ጎን ወይን ጠጅ ይሆናል። በፈረንጆቹ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ደግሞ ከሳይቤሪያ የሚመጡ ጥቋቁር ዝዮች ይሰፍሩበታል።

ክትሩ ሁልጊዜ አሸናፊ አልነበረም። በ1953 ጃንዋሪ 31 ሌሊት በምሥራቁ ጠረፍ ሁሉ የደረሰው ጎርፍ ይህንንም አካባቢ መትቷል። በ2013 ዲሴምበር 5 ባሕሩ እንደገና ክትሩን ጥሶ ጣፋጩን ግጦሽ በጨው ውኃ ሞልቶታል። ስለዚህ ከሰሜን የሚመጣ ማዕበል ማስጠንቀቂያ በተነገረ ቀን በክትሩ ላይ መሮጥ ድፍረት ሳይሆን ሞኝነት ነው።

በተራው ቀን ትልቁ ስሕተት ከክትሩ ወርዶ በረግረጉ ላይ አቋራጭ መፈለግ ነው። ባሕሩ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ገደማ ይሞላል። ሰው የሚጠብቀው ውኃው ከፊቱ እንደ ምንጣፍ እየተዘረጋ እንዲመጣ ነው፤ አመጣጡ ግን እንደዚያ አይደለም። ሙላቱ መጀመሪያ የሚገባው በቦዮቹ ነው። የቆሙበት መሬት ገና ደረቅ ሳለ፣ ቅድም በአንድ ዝላይ ያለፉት ከኋላ ያለው ቦይ ደረት ድረስ ሊሞላ ይችላል። ታቹ ደግሞ እግር የሚይዝ ጭቃ ነው። የተያዘ ሰው ካዩ ተከትለው አይግቡ፤ 999 ደውለው የጠረፍ ጥበቃን ይጠይቁ።

ጨረቃ ሙሉ ወይም አዲስ በሆነች ሰሞን ሙላቱ ይበረታል፤ በዚህ ጠረፍ ትልልቆቹ የሚውሉት ደግሞ ጠዋትና ምሽት ላይ፣ ልክ ሯጭ በሚወጣበት ጊዜ ነው። በብሌክኒ ወደብ ያለው የመኪና ማቆሚያ በእነዚህ ቀናት ውኃ ይገባዋል፤ ከሩጫ ሲመለስ መኪናውን ውኃ ውስጥ ቆሞ ያገኘ ሰው አይታጣም። የሙላት ሰንጠረዥ ሲያነቡ በየትኛው የሰዓት አቆጣጠር እንደተጻፈ ይዩ። አንዳንዱ ዓመቱን ሙሉ በግሪንዊች ሰዓት ስለሚጻፍ፣ የአገሩ ሰዓት ወደፊት በሚገፋበት ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ባለው ጊዜ አንድ ሰዓት መደመር ያስፈልጋል።

ክትሩ ላይ እግር የሚያርፈው በሣር፣ በጠጠርና ከብት በረጋገጠው አፈር ላይ ነው። በደረቅ በጋ የአስፋልት ጫማ ይበቃል፤ ከዝናብ በኋላ ግን ጭቃው ሶሉ ላይ እየተለጠፈ ጫማውን ስለሚያከብድ ጥርስ ያለው ጫማ ይሻላል። ላም ከጥጃዋ ጋር ካለች ሩጫውን አቁመው በእርጋታ ይለፉ፤ በሁለቱ መካከል አይግቡ። በክትሩ ላይ የውኃ ቧንቧ የለምና ግማሽ ሊትር መያዝ ነው።

ክላይ መግቢያ ላይ ነጭ ክንፍ ያለው የነፋስ ወፍጮ ከሩቅ ይታያል። ሜዳው አታላይ ስለሆነ የደረሱ መስሎዎት ፍጥነት አይጨምሩ፤ ገና ይቀራል። ከመንደሩ ወደ ደቡብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጥተው፣ የዊቭተንን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ያገኛሉ። ሁለቱ ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት ለእነዚህ ትንንሽ መንደሮች የሚበዙ ይመስላሉ። ምክንያቱ ሦስቱም መንደሮች በመካከለኛው ዘመን መርከብ የሚገባባቸው ሀብታም ወደቦች መሆናቸው ነው። ወንዙ በደለል ሲሞላና መሬቱ በክትር ሲታጠር ባሕሩ ራቃቸው።

ከዊቭተን ወደ ብሌክኒ ያለው ጠባብ መንገድ ላይ የእግረኛ መሄጃ የለም። እንግሊዝ አገር መኪና በግራ ስለሚነዳ ሯጭ ከፊት የሚመጣውን እያየ በቀኝ ጠርዝ ይሮጣል፤ በጠመዝማዛ ላይ ግን ከሩቅ ወደሚታይበት ጎን ይሻገራል። የብሌክኒ ቤተ ክርስቲያን ከትልቁ ማማ ሌላ ቀጭን ማማ አለው፤ ለመርከቦች መብራት ይበራበት እንደነበር ይነገራል። ከዚያ ወደ ወደቡ ቁልቁለት ነው። ጫማውን የዚያኑ ቀን በጣፋጭ ውኃ አጥበው በጥላ ያድርቁት፤ ጨውና ጭቃ አብረው ከደረቁ ሙጫው ቶሎ ይለቃል።