ድራማው የምሩን ነው ወይስ እየቀለደ?

አቦ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ጥላ ስር የቃና ድራማ ሲወራ የማይቀር ነገር አለ፦ ድብቅ አባት፣ የጠፋ ልጅ፣ ሞቶ የሚመለስ ሰው። ፓሮዲ ድራማ፣ ማለትም ሌላውን ድራማ እያስመሰለ የሚቀልድበት፣ እነዚህኑ ወስዶ ልክ ያሳጣቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1990 የጀመረውን የአሜሪካ "ትዊን ፒክስ" የተባለ የቲቪ ድራማ እንይ። ላውራ የምትባል ተማሪ ተገድላ ትገኛለች። ቆይቶ ቁርጥ እሷን የምትመስል ዘመዷ ከች ትላለች። ተዋናይቷ ያችው ናት፤ የተለወጠው ፀጉሯ ነው፣ መነጽርም አድርጋለች! የድራማው ገጸ ባሕርያት ደግሞ ቤታቸው ሌላ የፍቅር ድራማ ያያሉ። እዚያም አንዲት ተዋናይት መንታ እህትማማቾችን ሆና ትሠራለች። ቀልዱ እዚህ ላይ ነው።

ሱሪያል፣ ማለትም እውንና ሕልም የተቀላቀለበት፣ የሚያሰኘው የሕልም አካሄዱ ነው፤ ቀይ መጋረጃ ያለው ክፍል፣ ንግግሩ የተገለባበጠ ሰው። ማብራሪያ አትጠብቁ። ለቅሶው ሲረዝም ግን ብትስቁ ነውር የለውም፣ ሆን ተብሎ ነው።