«አስተናጋጅ ተክል» ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ በቆሎን ከቱታ (ትሏ ቲማቲም የምትጎዳ ትንሽ የእሳት እራት ናት) አስተናጋጆች ተርታ አሰልፎት አነበብኩ። ማስረጃው? በቆሎ ማሳ ውስጥ የተሰቀለ የፌሮሞን ወጥመድ ግራጫ የእሳት እራቶች መያዙ። ወንድሜ፣ ያ ወጥመድ የሚጣራው በሴቷ ሽታ ነው፤ የሚገቡለትም ወንዶቹ ናቸው። ወንድ ደግሞ እንቁላል አይጥልም። ከጎረቤት የቲማቲም ማሳ ሚስት ፍለጋ የወጣውን ሁሉ በቆሎ በላህ ብለን ልንከሰው ነው?

ጥፋቱ በከፊል የቃሉ ነው። «አስተናጋጅ» ሲባል ሻይ የሚያቀርብ ሰው ስለሚታየን፣ የእሳት እራቷ ያረፈችበት ሁሉ ያስተናገዳት ይመስለናል። እኔ ብሆን «አራስ ቤት» እለው ነበር። መንገደኛ የመሸበት ያድራል፤ አራስ ቤት ግን ልጅ የሚወለድበትና የሚያድግበት ነው። እንቁላል መጣሉ እንኳ አይበቃም፤ ትሉ በልቶ፣ አድጎ፣ ክንፍ እስኪያወጣ የሚያደርሰው ተክል ነው አስተናጋጅ። የቱታ ልጅ እንኳ ግድግዳውን ነው የሚበላው፦ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል ገብቶ ይቦረቡራል። በመጨረሻ ብዙውን ጊዜ አፈር ውስጥ ገብቶ ይለወጣል፤ ታዲያ አፈሩንም አስተናጋጅ እንበለው?

ቱታ አብሶሉታ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ከደቡብ አሜሪካ ተነስታ በ2006 እስፔን፣ በ2012 እኛ ጋ ደረሰች (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)። ዋናው ቤቷ ቲማቲም ነው፤ ድንች፣ ደበርጃን፣ ከአረም ደግሞ አውጥና አጤ ፋሪስ ይከተላሉ። ሁሉም የቲማቲም ዘመዶች ናቸው። ድንች ስል ቅጠሉንና ግንዱን ነው፤ ጎተራ ውስጥ ድንቹን የምትበሳው ሌላ የእሳት እራት፣ የአክስቷ ልጅ ናት። (በ2021 ተመራማሪዎች ሁለቱን በአንድ ወገን ስም ስላጠቃለሏቸው አዳዲስ ጽሑፎች ላይ «ፍቶሪሜያ አብሶሉታ» ብትባል አትደናገጡ።)

እርግጥ ጣሊያን ውስጥ ቦሎቄ ላይ መገኘቷ ተዘግቧል፤ ይህን የሚያነሳብኝ አይጠፋም። «ተገኘች» እና «ዘር ተካች» ግን ለየቅል ናቸው።

የሚያናድደኝ የቃል ጉዳይ ብቻ ስለሆነ አይደለም። ያንን ጽሑፍ አምኖ ቲማቲሙን ካነሳ በኋላ በቆሎ መዝራት የሚፈራ ገበሬ ይኖራል፤ በቆሎው ግን ትሉን የሚያስርብለት ነበር። ቦዩ ዳር ያለውን አውጥ ደግሞ የነቀለው የለም።