ፐርል ላይ አርጉመንት ወደ ሃሽ ስናስገባ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ፐርል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ተርሚናል ላይ ከስክሪፕቱ ስም ቀጥሎ የጻፍነውን ሁሉ (አርጉመንት) ሃሽ ውስጥ፣ ማለትም ቁልፍና ዋጋን በጥንድ በሚይዝ ማከማቻ ውስጥ፣ መክተት ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ጀማሪዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት ምክር ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

«@አርግቪን ቀጥታ ሃሹ ላይ ገልብጠው፣ በአንድ መስመር ያልቃል።»

@አርግቪ ፐርል አርጉመንቶቹን የሚያስቀምጥበት ዝርዝር ነው። በአንድ መስመር የሚያልቀው ግን እያንዳንዱ ኦፕሽን (እንደ «--ፋይል» ያለው) ዋጋ ካለው ብቻ ነው። ፐርል እዚህ ጋ ኦፕሽን የሚባል ነገር አያውቅም፤ የመጣለትን ሁለት ሁለት እያደረገ አንዱን ቁልፍ፣ ቀጣዩን ዋጋ ያደርገዋል። «--ቨርቦስ --ፋይል ዳታ» ብትጽፉ የቨርቦስ ዋጋ «--ፋይል» ይሆናል፣ «ዳታ» ደግሞ ዋጋ የሌለው ቁልፍ ሆኖ ይቀራል። ይሄኛው እንኳ ይሻላል። 3 ኢ-ተጋማሽ ስለሆነ ዋርኒንግ ካበራችሁ ፐርል ይነግራችኋል። የሚያስፈራው መጨረሻው ላይ «--ፎርስ» ስትጨምሩ ነው። አሁን 4 ሆኑ፣ ጥንድ ጥንዱ ሞላ፣ ፐርልም ዝም አለ፤ ሃሹ ውስጥ ያለው ግን ሁሉም የተሳሳተ ነው። በዚህ ምክንያት ሰዓታት ያቃጠለ ሰው ብዙ ነው፣ እኔም አለሁበት።

«ታዲያ ሞጁል ማውረድ ሊኖርብኝ ነው።»

የለባችሁም። ኦፕሽኖችን የሚያነብልን ጌትኦፕት ሎንግ የሚባለው ሞጁል ከፐርል 5 ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። ጌትኦፕሽንስ ለሚባለው ፈንክሽን የሃሹን ሪፈረንስ (ወደ ሃሹ የሚጠቁመውን) መጀመሪያ ስጡት፣ ከዚያ የኦፕሽኖቹን ስም። ዋጋ የሚፈልገው ላይ «=ኤስ» ትጨምራላችሁ፣ የማይፈልገውን ባዶውን ትተዉታላችሁ፣ እሱ ሲጻፍ 1 ይሆናል።

«የማያውቀው ኦፕሽን ከመጣ ፕሮግራሙ ራሱ ይቆማል።»

አይቆምም! ማስጠንቀቂያ ጽፎ ሐሰት ይመልስና ስክሪፕቱ ይቀጥላል። ፋይል የሚሰርዝ ስክሪፕት ከሆነ አስቡት። ከጌትኦፕሽንስ ጎን «ኦር ዳይ» (ካልተሳካ ፕሮግራሙን አቁም ማለት ነው) መጻፍ አትርሱ።

«የመጀመሪያው አርጉመንት የፕሮግራሙ ስም ነው።»

እሱ ሲ እና ፓይተን ላይ ነው። ፐርል ላይ ስሙ $0 ውስጥ ይቀመጣል፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን በሺፍት (የዝርዝርን የመጀመሪያ አባል በሚያወጣው ትእዛዝ) አትጣሉት፣ የራሳችሁ ዳታ ነው።

«ሃሹ የጻፍኩበትን ቅደም ተከተል ይጠብቃል።»

አይጠብቅም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ከወጣው ፐርል 5.18 ወዲህ በየሩጫው ሊለያይ ይችላል።

«ኦፕሽኑ መሰጠቱን በኢፍ ብቻ አያለሁ።»

ተጠቃሚው 0 ቢሰጥስ? ለፐርል 0 ሐሰት ነው፣ ስለዚህ ምንም እንዳልተሰጠ ያልፈዋል። መኖሩን በኤግዚስትስ ጠይቁ፣ ዋጋውን ከዚያ በኋላ ተመልከቱ።