ስለ ብሩክሊን ድልድይ ሽቦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የኒው ዮርኩን የብሩክሊን ድልድይ በፎቶም ቢሆን ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ስሙ በተነሳ ቁጥር ድልድዩን ነድፈው ያስገነቡት የሮብሊንግ ቤተሰብና ትሬንተን፣ ኒው ጀርሲ የነበረው የሽቦ ፋብሪካቸው አብረው ይነሳሉ። ይገባቸዋል። ግን ከምስጋናው ጋር ብዙ ስህተት ተደባልቋል። በተለይ አንዱ ሁሌም ይቆረቁረኛል። እሱን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ፤ ሽቦ እንዴት እንደሚሠራ ሳይታወቅ ክብደቱ አይገባምና። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሥራው የተጀመረው በትልቅ ፋብሪካ ነው»

የተጀመረው ሳክሰንበርግ በምትባል የፔንሲልቬንያ የገጠር መንደር፣ ሜዳ ላይ ነው። ያኔ የቦይ ጀልባዎች ተራራ የሚሻገሩት በሐዲድ ላይ በወፍራም የቃጫ ገመድ እየተጎተቱ ነበር። ገመዱ ቶሎ ያልቃል፣ ሲበጠስም አደጋ ያደርሳል። ጀርመን የተወለደው ጆን ሮብሊንግ በ1841 የሽቦ ገመድ መሥራት ጀመረ። ጎረቤቶቹ ገበሬዎች ያግዙት ነበር። ወደ ትሬንተን የሄደው በ1840ዎቹ መጨረሻ ነው።

«ሽቦ የሚሠራው ብረት አቅልጦ በማፍሰስ ነው»

ማቅለጥ መነሻው ብቻ ነው። ብረቱ መጀመሪያ በግለቱ ተዳምጦ ዘንግ ይሆናል። ዘንጉ በአሲድ ይታጠባል፣ ጫፉ ይሾላል። ከዚያ ከራሱ በምትጠብ ቀዳዳ ውስጥ ይገባና በሌላው ወገን በሚሽከረከር ከበሮ እየተጠመጠመ ይሳባል። ቀጥሎ ደግሞ ከዚያ በምትጠብ ቀዳዳ። በቀዝቃዛው በተሳበ ቁጥር ይቀጥናል፣ ይረዝማል፣ ይጠነክራል። ግን ግትር እየሆነ ስለሚሄድ በመሃል እሳት ውስጥ ገብቶ መለስለስ አለበት። የሽቦ ሠራተኛ ሙያው እዚህ ላይ ነው።

ውጤቱ ይገርማል። ለድልድዩ የተጠየቀው የአረብ ብረት ሽቦ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። ሳይበጠስ 1,500 ኪሎ ገደማ መሸከም ነበረበት። አንድ የቤት መኪና በአንዲት ሽቦ ተንጠልጥሎ አስቡት።

«የድልድዩ ገመዶች እንደ ተራ ገመድ የተገመዱ ናቸው»

አራቱ ዋና ገመዶች አልተገመዱም። በውስጣቸው ያሉት ሽቦዎች ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ተኝተዋል። መንኮራኩር ሽቦውን ይዞ ከወንዙ ማዶ ወዲህ እየተመላለሰ ዘረጋው። 278 ሽቦ አንድ እስር፣ 19 እስር ደግሞ አንድ ገመድ እንዲሆን ታቀደ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኼ ነው።

«የእነዚህን ገመዶች ሽቦ ያመረተው የሮብሊንግ ፋብሪካ ነው»

የሚቆረቁረኝ ይኼኛው ነው። ጆን ሮብሊንግ በ1869 ሞቶ ዋና መሐንዲሱ ልጁ ዋሽንግተን ነበር። በ1876 የድልድዩ ቦርድ አባል ኤብራም ሂዊት፣ ከድልድዩ መሐንዲሶች ጋር የጥቅም ግንኙነት ያለው ድርጅት ጨረታ ውስጥ እንዳይገባ ሐሳብ አቀረበ። ጸደቀ። የቤተሰቡ ድርጅት መጫረት እንዲችል ዋሽንግተን በድርጅቱ የነበረውን ድርሻ ሸጠ። ያም ሆኖ የዋና ገመዶቹን ሽቦ ጨረታ ያሸነፈው ጄ. ሎይድ ሄይግ የተባለ የብሩክሊን ሽቦ አምራች ነው።

በ1878 ጉድ ወጣ። ተቆጣጣሪዎቹ በሄይግ ፋብሪካ ጥሩውን ሽቦ ይፈትኑና ማረጋገጫ ይሰጣሉ። ጋሪው ሽቦውን ጭኖ ይወጣል። መንገድ ላይ ወደ ሌላ ሕንፃ ጎራ ይላል። ጥሩው ይራገፋል፣ ፈተና የወደቀው ይጫናል። ወረቀቱ ያው ነው። ጥሩው ሽቦ ደግሞ ወደ ፋብሪካው ተመልሶ እንደ አዲስ ይፈተናል! ከገመዱ ስር ሰው እንደሚመላለስ እያወቁ እንዲህ ማድረግ ያናድደኛል፣ ዛሬም ቢሆን።

«ሄይግ በዚህ ወንጀል ታሰረ»

በኋላ ታስሯል፤ ግን ከሽቦው ጋር ባልተያያዘ የሐሰት ሰነድ ጉዳይ ነው። በድልድዩ ሽቦ አልተከሰሰም።

«መጥፎው ሽቦ ተለቅሞ ወጥቷል»

ብዙው ገመዱ ውስጥ ገብቶ ነበርና ማውጣት አልተቻለም። ዋሽንግተን ሮብሊንግ በሕመም ቤት ውሎ፣ ባለቤቱ ኤሚሊ መልእክቱን እያመላለሰች ነበር ሥራውን የሚመራው። ስሌቱን እንደገና አየ። ገመዶቹን ሲነድፍ ከሚያስፈልገው 6 እጥፍ እንዲጠነክሩ አድርጎ ነበር። ከማጭበርበሩ በኋላም ቢያንስ 5 እጥፍ እንደሚቀር ገመተ። በየገመዱ 150 ያህል ጥሩ ሽቦ በሄይግ ወጪ እንዲጨመር አደረገ። ድልድዩ በግንቦት 1883 ተከፈተ። የሄይግ ሽቦ አሁንም እዚያው ገመዱ ውስጥ ነው፤ ሰውም መኪናም ከስሩ ያልፋል።