ከለገሃር እስከ ሰንጋ ተራ፦ የልማት ስልቶቻችን አጠቃላይ ዳሰሳ

ከለገሃር ባቡር ጣቢያ ተነስቶ ወደ ብሔራዊ ቴአትር በእግሩ የወጣ፣ ከዚያም ወደ ሰንጋ ተራ የታጠፈ ሰው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። በዚህች አጭር መንገድ ላይ ግን አገሪቱ ከመቶ ዓመት በላይ የሞከረቻቸው የልማት ስልቶች ሁሉ አሻራ አላቸው። የባቡር ጣቢያው፣ የድንጋዩ አንበሳ፣ የንግድ ባንክ ክብ ሕንፃ፣ ብሔራዊ ባንክ፣ አዳዲሶቹ የባንክ ፎቆች። ሰንጋ ተራ ስሙ እንደሚነግረን የከብት መገበያያ ነበር። ዛሬ ሰንጋ አይታይም፤ ባንክ ብቻ ነው።

የየዘመኑ ስልት ስሙ ይለያያል። የአምስት ዓመት ፕላን፣ የዕዝ ኢኮኖሚ፣ ግብርና መር፣ ልማታዊ መንግሥት፣ አገር በቀል ማሻሻያ እየተባለ ይሄዳል። ምን ይሠራ የሚለው ላይ ብዙም ልዩነት የለም። ሁሉም መንገድ፣ መብራት፣ ፋብሪካ፣ የተሻለ ዘር ይላል። ልዩነቱ ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ላይ ነው። እኔ ባንክ ቤት ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ነገሩን ከካውንተሩ በኩል ባየው አይፈረድብኝ።

የውጭ ሰው ይምጣ

በምኒልክ ዘመን መልሱ ቀላል ነበር። ገንዘብ ያለው የውጭ ሰው ይምጣ፣ ይሥራ፣ ለተወሰነ ዓመት ይብላ። የጅቡቲ ባቡር ውል በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ሲሰጥ ዘመኑ 99 ዓመት ነበር። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ ሌላ ተተክቶ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አሁን የምናየው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ።

ባንኩም እንደዚያው ነበር። የአቢሲኒያ ባንክ በየካቲት 1898 ዓ.ም. ሲከፈት ባለቤቱ የግብፅ ብሔራዊ ባንክ፣ የሥራ ዘመኑም 50 ዓመት ነበር። ሃምሳውን አልጨረሰም። በ1923 ዓ.ም. መንግሥት ካሳ ከፍሎ አፈረሰውና የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። በአፍሪካ በአገር ልጅ የተያዘ የመጀመሪያው ባንክ ይባላል። እኛ የባንክ ሰዎች ይህን ስንደጋግም አንጠግብም።

የአምስት ዓመት ፕላኖች

ከጣሊያን በኋላ መንግሥት ራሱ አሰባሳቢ ሆነ። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ዓ.ም. ተቋቁሞ ሥራ ጀመረ። በ1937 ዓ.ም. አገሪቱ የራሷን የወረቀት ብር አወጣች። በማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር የሚገበያይ ገበሬ ወረቀት እንዲያምን ማድረግ ቀላል ሥራ አልነበረም።

ቀጥሎ ብድር መጣ። በመስከረም 1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ያበደረው ገንዘብ ለአፍሪካ የሰጠው የመጀመሪያው ብድር ነው። 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ፣ 2 ሚሊዮን ዶላር ለልማት ባንክ ተመደበ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም የተቋቋመው በዚሁ ሰሞን ነው። የውጭ ባለሀብትም አልቀረም። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ወንጂ ላይ የከፈተው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። ከውጭ የሚገባውን በአገር ውስጥ መተካት የሚባለው ስልት ለብዙ ሰው የገባው በዚያ ስኳር ነው።

የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ፕላን በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሲነሳ የዩጎዝላቪያ ባለሙያዎች እጃቸው ነበረበት። ትኩረቱ መንገድ፣ መገናኛና መብራት ነበር። ሁለተኛው (ከ1955 እስከ 1959) ግብርናን ከኢንዱስትሪ ጋር የሚያጣምር የሃያ ዓመት ጉዞ መጀመሪያ ተብሎ ተጻፈ። ሦስተኛው (ከ1961 እስከ 1965) ፋብሪካና ዘመናዊ እርሻ ላይ አተኮረ። የንጉሡን ፕላኖች ማንቋሸሽ አሁን ፋሽን ነው። እኔ ግን አንብቤያቸው፣ በዘመናቸው መጥፎ ሰነዶች አልነበሩም ባይ ነኝ። የጎደላቸው መሬት ነው። መሬቱ በባላባት እጅ እያለ ገበሬው ምን ቢዘራ ለራሱ አይተርፈውም ነበር።

ይህ ጎልቶ የወጣው አሰላ ላይ ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን እርዳታ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር አንድ ላይ አድርጎ ለገበሬው አቀረበ። ምርቱ አደገ። እርሻው አዋጪ መሆኑን ያዩ ባለመሬቶች ግን ትራክተር ገዝተው ጭሰኛውን አስወጡት። ልማቱ ሲሳካ የተነቀለው ሊጠቀም የታሰበው ሰው ሆነ።

መሀል ከተማው በዚህ ጊዜ ነው መልክ የያዘው። ከብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው የድንጋዩ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የሞሪስ ካልካ ሥራ ሲሆን ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥና 25ኛ ዓመት የቆመ ነው። ከቴአትሩ አጠገብ ያለውን ክቡን የባንክ ሕንፃ አንሪ ሾሜ ነደፈው። አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ወደ ላይ ያላየ ሰው ካለ አንድ ቀን ጎራ ይበል፤ ብር ማውጣት የግድ አይደለም። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም አዲስ አበባን መቀመጫው አደረገ። የአፍሪካ አዳራሽም በ1953 ዓ.ም. ተከፈተ። መላው አህጉር ስለ ልማት ስልት የሚከራከረው ከቤታችን ጥቂት እልፍ ብሎ ሆነ ማለት ነው። በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 206 የመንግሥት ባንክ ለሁለት ተከፈለ። ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ የዚያ ልጆች ናቸው።

ውረስ

የደርግ መልስ ያለውን ሀብት መውረስ ነበር። ሁሉም በሰባት ወር ተጠናቀቀ። በታኅሣሥ 1967 ባንኮችና ኢንሹራንሶች፣ በጥር ወር ሰባ ሁለት ኩባንያዎች፣ በየካቲት የገጠር መሬት፣ በሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። የግለሰብ ነጋዴ ካፒታልም ተገደበ። ለችርቻሮ 200 ሺህ፣ ለጅምላ 300 ሺህ፣ ለኢንዱስትሪ 500 ሺህ ብር፤ ከዚያ በላይ የለም።

የመሬት አዋጁ ከላይ ያልኩትን የጭሰኛ ችግር በአንድ ቀን ፈታው። ይህን ማንም አይክድም። የቤት ኪራይ ቅነሳውም እስከ ዛሬ መሀል ከተማ በቀበሌ ቤት ለሚኖር ሰው ትርጉም አለው። ግን ገበሬው ምርቱን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ እንዲሸጥ ተገደደ። የአስር ዓመቱ መሪ ፕላን (ከ1977 እስከ 1986) ገና ሲጀመር ድርቁና ረሀቡ ደረሱበት፤ ጦርነቱም በጀቱን በላው። በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ጊዜው አልፎ ነበር። በባንክ በኩል፣ ከተወረሱት ሦስት ባንኮች የተሠራው አዲስ ባንክ በ1972 ዓ.ም. ከንግድ ባንክ ጋር ተቀላቀለ።

ከ1983 እስከ 1997 ያለው በአጭሩ ይህ ነው። ብር በመስከረም 1985 ከ2.07 ወደ 5 ለአንድ ዶላር ወረደ። ግብርና መር የኢንዱስትሪ ልማት ፖሊሲ ሆነ። በ1986 የግል ባንክ ተፈቅዶ በማግስቱ ዓመት አዋሽ ባንክ በ486 ባለአክሲዮኖች ተመሠረተ።

ቆጥብ፣ አበድር፣ ገንባ

ልማታዊ መንግሥት የሚባለው በተለይ በሁለቱ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዶች (ከ2003 እስከ 2012) ጊዜ ነገሠ። አርአያዎቹ ኮሪያና ታይዋን ነበሩ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ገበያው ብቻውን ገንዘብን ወደ ግድብና ባቡር አይወስድም፤ መንግሥት በእጁ ይዞ ይውሰደው። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ደግሞ ከእያንዳንዱ ቆጣቢ ነው። እዚህ ላይ ነው የእኛ ሥራ የበዛው።

መጋቢት 24 ቀን 2003 የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዙን በየወሩ እየተቆረጠበት ቦንድ ገዛ። ግድቡ በጳጉሜን 2017 ተመረቀ።

ሰኔ 2005 የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲጀመር ሰልፉ ከቅርንጫፉ በር ወጥቶ አስፋልቱን ይዞ ይሄድ ነበር። ዝናብ ላይ፣ ጃንጥላ በጃንጥላ ተደራርቦ። በመዲናዋ የተመዘገበው ሰው ከ900 ሺህ በላይ ሆኖ ተቆጥሯል። በ20/80 (ገዢው 20 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን 80 በባንክ ብድር በሚከፍልበት) ባለ አንድ መኝታ የፈለገ በወር 274 ብር፣ ባለ ሦስት መኝታ 685 ብር ይቆጥብ ነበር። 274ቱን ይዘው የሚመጡ እናቶች ትዝ ይሉኛል። ኖቱን ከመቀነታቸው ፈትተው፣ አራቷን ብር በሳንቲም ቆጥረው ይሰጡኛል። ከዚያ ደብተሩ ላይ ማኅተሙ በደንብ መታተሙን ሳያዩ ከመስኮቱ ፈቀቅ አይሉም።

የግል ባንኮቹም ከዚህ አልቀሩም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ አንድ የግል ባንክ 100 ብር ባበደረ ቁጥር 27 ብር የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዛ አስገደደ። ወለዱ 3 በመቶ፣ የሚመለሰው ከ5 ዓመት በኋላ ነበር። ባንኩ ግን ያኔ ለቆጣቢው ቢያንስ 5 በመቶ ይከፍል ነበር። ኪሳራው ግልጽ ነው። የግል ባንክ ወዳጆቼ ዝርፊያ ይሉት ነበር። እኔ እንደዚያ አልለውም፤ ገንዘቡ ለልማት ባንክ የረጅም ጊዜ ብድር ነው የዋለው። መመሪያው በኅዳር 2012 ተነሳ።

ውጤቱ አከራካሪ ነው። በይፋዊው ቆጠራ ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በ2003 ከነበረበት 29.6 በመቶ በ2008 ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። መንግሥት ዕድገቱን በባለ ሁለት አሃዝ ሲያወጣ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ዝቅ አድርጎ ይገምት ነበር። የማያከራክረው የኑሮ ውድነቱ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፏል። በ475 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ሥራ ጀመረ። አብዛኛው ገንዘቡ የቻይና ብድር ነው። ስኳር ፋብሪካዎቹ ግን በተባለላቸው ጊዜ አልደረሱም። ያልተመለሰው የመንግሥት ድርጅቶች ብድር ንግድ ባንክ ትከሻ ላይ ቀረ፤ በኋላ ወደ መንግሥት ቦንድ እንዲዞር ተደረገ። ያም ሆኖ ሰንጋ ተራ አካባቢ ከ200 ሜትር በላይ የሆነው የባንኩ ሕንፃ በየካቲት 2014 ተመርቋል። ከሩቅ ሳየው ዛሬም ደረቴ ይነፋል።

ገበያው ይወስን

በ2012 የተጀመረው አገር በቀል የኢኮኖሚ ማሻሻያ በሩን ለግልና ለውጭ ካፒታል ከፈተ። ግንቦት 2013 የሳፋሪኮም ጥምረት የቴሌኮም ፈቃድ በ850 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ 100 ተሻገረ። ታኅሣሥ 2017 የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ አዋጅ ጸደቀ፤ በወሩ አክሲዮን የሚገበያይበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ። ፒያሳም በኮሪደር ልማቱ መልኳን ቀየረች። ለገሃር ላይ 36 ሄክታር የሚሆን ቦታ መንደር እንዲሠራበት ለአንድ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ኩባንያ ተሰጥቷል። የድሮው ጣቢያ መሀሉ ላይ ቆሟል። የኢልግ ውል ከተፈረመ 125 ዓመት ገደማ አልፎ የውጭ ካፒታል እዚያው ቦታ መጣ።

በፕላን ያልተጻፈው

ከእነዚህ ፕላኖች በአንዱም ውስጥ ተገቢ ቦታ ያላገኘው ዕቁብ ነው። የመርካቶ ሱቅ፣ የፒያሳ ወርቅ ቤት፣ የብዙ ታክሲ መነሻ ካፒታሉ ዕቁብ ነው። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዋስ አለ። ወለድ የለም፣ ፎርም የለም። ዕጣው አስቀድሞ ለወጣለት ብድር ነው፤ መጨረሻ ለደረሰው ቁጠባ ነው።

እኛም ባንክ ውስጥ ነበረን። ደመወዝ በገባ ማግስት፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከኋላ ክፍል ተሰብስበን ዕጣ እናወጣለን። ጸሐፊያችን መስመር ያለው ደብተር ላይ ስም ይይዛል፤ እጣዎቹን በኩባያ ውስጥ ይንጣል። የወጣለት ሰው ብሩን በፖስታ ይዞ ወደ ታች ይወርድና ከሌላው ደንበኛ ጋር ተሰልፎ፣ ራሳችን ካውንተር ላይ ያስገባዋል።