ፕሮፔለር «ወደ ኋላ ይሠራል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ቆሞ ኪው-400 የተባለው ባለ ፕሮፔለር የመንገደኞች አውሮፕላን ሲያርፍ የተመለከተ ሰው፣ ጎማው መሬት በነካ ቅጽበት ድምፁ ሲለወጥ ይሰማልና ፕሮፔለሩ በተቃራኒው መዞር የጀመረ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። አዟዟሩ ያው የቀድሞው ሲሆን፣ የሚለወጠው ስድስቱ የፕሮፔለር ክንፎች ከሥራቸው ተጠምዝዘው አየሩን የሚቀዝፉበት ማዕዘን ነው፤ በዚህም ወደ ኋላ ይገፋ የነበረው አየር ወደ ፊት ስለሚገፋ አውሮፕላኑ ይገታል።

ነገሩ ይበልጥ የሚደንቀው ውኃ ላይ ነው። እንደ ሐይቅ ባለ ውኃ ላይ የሚያርፍ፣ በጎማ ፋንታ ተንሳፋፊ የተገጠመለት ትዊን ኦተር የተባለ ትንሽ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ፍሬን የሚይዝበት መሬት ስለሌለው፣ ፍጥነቱን የሚቀንሰውም ከወደቡ ወደ ኋላ የሚወጣውም በዚሁ ማዕዘን ነው። ለመነሣት ሲንደረደር ግን የፕሮፔለሩ ክንፎች አየሩን ወደ ኋላ ብቻ ይገፋሉ።